ዶክተር ባንቻየሁና የአንጎል አጥር

የዶክተር ባንቻየሁን ማረፍ የሰማሁት ወረታ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስለካ ነው። የደወለልኝ የላብራቶሪ ባልደረባዬ ነበር። መጀመሪያ «ሰይድ፣ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥሁ። «ዶክተር ዐርፈዋል» አለኝ። ሜትሩን ከእጄ ማን እንደተቀበለኝ አላስታውስም። ባገኘሁት ሚኒባስ ባሕር ዳር ገባሁ፤ ከዚያም በባጃጅ ዘንዘልማ፣ ከቤታቸው ደጅ የተተከለው ድንኳን ሥር ደረስሁ።

ከጎኔ ንፍሮ እየቆረጠመ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ለጎረቤቱ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ «ያ ጨረር ነው የበላቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ሲነካኩት! ስልክ የአንጎልን አጥር ያፈርሳል ያሉት እኮ ራሳቸው ናቸው።»

«በምን አወቅህ?» አልሁት።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ በአካባቢያችን ያለው ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ሰውዬው ደንግጦ አየኝ። «ሰው ሁሉ የሚለውን ነዋ» አለ።

«ሰው ሁሉስ በምን አወቀ?»

ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም፤ ነውር ነው። አውቃለሁ። ነገር ግን ሟቿ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ከኔ የባሰ ይጮኹ ነበር። ዶክተር ባንቻየሁን የገደላቸው ልባቸው ነው። በልጅነታቸው ደቅ ደሴት ላይ የጉሮሮ ሕመም እየተመላለሰ ይይዛቸው ነበር፤ በጊዜው ሐኪም የሚያይ አልነበረምና ሕመሙ ልባቸው ድረስ ዘልቆ ቫልቫቸውን አበላሸው። እኔ ሳውቃቸው ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆመው ዙሪያውን የሚያዩ መስለው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር። መድኃኒት ይውጡ ነበር። ይህን ቤተሰባቸውም ሐኪማቸውም ያውቃል። ያም ሆኖ ሰው በጨረር ገደላቸው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ እምቢ ያሉትን ወሬ፣ ሞተው አፋቸው ሲዘጋ መልሶ ሊያሸክማቸው ተነሣ። እኔ ደግሞ ገና አፌ አልተዘጋም።

ከተማው ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የምርምር ማዕከል የአይጥ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስቀጠር ነው የተዋወቅነው። የኛ ቤተሰብ ነጋዴ ነው፤ እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ኮሌጅ ጨርሶ የአይጥ እረኛ ሆነ» እያለች ታለቅስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዶክተር ባንቻየሁ መነጽራቸውን ወደ ፀጉራቸው ገፋ አድርገው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «አይጥ ትፈራለህ?» አሉኝ።

«አልፈራም» አልሁ።

«በምን አወቅህ? ይዘህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያው አላውቅም በላ!» ብለው አንዷን ነጭ አይጥ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ፈራሁ። ሳቁ። ሳቃቸው ከቁመታቸው አይመጣጠንም ነበር፤ አጭር ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ሳቃቸው ግን የግዙፍ ሰው ነበር።

«በምን አወቅህ?» የዘወትር ጥያቄያቸው ነበረች። ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም ያላቸውን ሰው ይጠይቁት ነበር። እገሌ ጤነኛ አይደለም የሚል ሐሜተኛ ይጠየቅ ነበር። የሚያስተምሯቸው ልጆች በሌሉበት ስማቸውን «በምን አወቅሽ» አሉት፤ ይህን ሰምተው ደስ አላቸው እንጂ አልከፋቸውም።

አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ደቅ ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ። ልጃቸውን ዳዊት ራሳቸው አስደገሟት። አንድ ቀን ስትደግም አንድ ቃል ጠፋባት፤ ብልጥ ነበረችና ከራሷ የሚመስል ቃል ጨምራ ሳትደናቀፍ አለፈች። አባቷ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «ረሳሁ በይ» አሏት። «መርሳት የሰው ነው። ከራስሽ ሠርተሽ ዳዊት ነው ማለት ግን ሐሰት ነው።» ዶክተር ይህን ታሪክ ሲነግሩኝ እንደ ትናንት ጉዳይ ፊታቸው ይቀላ ነበር።

የሚያጠኑት የአንጎልን አጥር ነበር። ነገሩ ያልገባው ሰው ሲመጣ የሚነግሩት አንድ ምሳሌ ነበራቸው። «አንጎል ጣና ላይ እንዳለ የወንዶች ገዳም ነው» ይላሉ። «ደሙ እንደ ሐይቁ ዙሪያውን ይከበዋል፤ ታንኳ ሁሉ ግን አያራግፍበትም። ወደቡ ላይ አንድ ቁጡ መነኩሴ ቆሟል። ስኳር ነህ? ግባ። ኦክሲጅን ነህ? ግባ። አንቺስ ማነሽ? ሴት? ከታንኳሽ አትውረጂ!» ከዚያ ይስቁና፣ «እኔ በልጅነቴ ከታንኳ ላይ ሆኜ ስንት ገዳም አይቻለሁ መሰለህ» ይሉ ነበር።

አጥሩ በደቃቅ የደም ሥሮቻችን ግድግዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ ሕዋሳት ናቸው። መርዝም፣ ተሕዋሲም፣ ብዙ መድኃኒትም አያሳልፉም። የዶክተር ጥያቄ፣ ከሞባይል ስልክ የሚወጣው ሞገድ እነዚህን ሕዋሳት ያላላቸዋል ወይ የሚል ነበር። በሌላው ዓለም ስለዚህ ነገር ክርክር እንዳለ ነግረውኛል፤ አንዱ አየሁ ይላል፣ ሌላው እንደዚያው ልሥራው ብሎ ቢሞክር አጣሁት ይላል። «እንግዲህ እኛም እንጠይቅ» አሉ። «ስልኩ በኛም ጆሮ ላይ ነው ያለው።»

ሥራው እንዲህ ነበር። አይጧን ጠበብ ባለ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብተን፣ ጭንቅላቷን እንደ ስልክ ያለ ሞገድ ከሚያወጣ መሣሪያ አጠገብ እናደርጋለን። ሌሎቹ አይጦች ሞገዱ ሳይነካቸው ለማወዳደሪያ ይቀመጣሉ። በኋላ ደማቸው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም እንሰጣለን። አጥሩ ደኅና ከሆነ ቀለሙ አንጎል አይገባም፤ አንጎሉ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። አጥሩ ከላላ ሰማያዊው ይሰርጋል።

ሰረገ። ሞገድ ከነካቸው አይጦች አንጎል ላይ እንደ ጤዛ የተበተነ ሰማያዊ ነጠብጣብ አየን። የማወዳደሪያዎቹ ግን ነጭ ነበር። ዶክተርም ደስ አላቸው፤ ይህን አልደብቅም። ሰው ናቸው። ስንት ዘመን የፈለጉት ነገር ዓይናቸው ሥር ነበር።

ውጤቱን ለባልደረቦቻቸው ሲያሳዩ «ገና ጅምር ነው» አሉ። ከተሰብሳቢው አንዱ ግን ሰማያዊውን አንጎል በስልኩ ፎቶ አንሥቶት ኖሮ፣ ሳምንት ሳይሞላ ፌስቡኩም ቴሌግራሙም «የባሕር ዳሯ ምሁር አረጋገጡ፤ ስልክ የአንጎልን አጥር ያፈርሳል» በሚል ጽሑፍ ተሞላ። ሬዲዮ ጠራቸው፤ «ምልክት አይተናል» ያሉትን ቆርጦ «አይተናል» አደረገው። ባጃጅ ውስጥ ሰው አወቃቸው። ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው ማስጠጋት ትተው በድምፅ ማጉያው ማውራት ጀመሩ፤ «እስካውቅ ድረስ እንዲህ ባወራ ምን እጎዳለሁ?» ይሉ ነበር።

ነገሩ እሳት የሆነው ዘንዘልማ ላይ ነው። የሚኖሩበት ሰፈር ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረ፣ ዛሬ ቤት በቤት ላይ የሚበቅልበት ነው። ነዋሪውን ማንም ሳያማክር፣ ከወይዘሮ አትጠገብ አጥር ጋር ገጥሞ የስልክ ማማ ተተክሎ ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ ባሏ የሞተባት፣ ብርቱካን የምትባል አንዲት ልጅ ያላት ሴት ናት። ማማው በተተከለ ሰሞን ብርቱካንን የሚጥል በሽታ ጀመራት። እንግዲህ እናት ናት፤ ሁለቱን ነገር ምን ይለያይላት? ሐኪም ቤት ወስዳት ክኒን ታዞላት ነበር፤ ልቧ ግን ማማው ላይ ነበር። የዶክተር ውጤት ሲሰማ ሮጣ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። «ዶክተርዬ፣ እኔን ያመነኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለቻቸው። ዶክተር ብድግ አድርገዋት፣ «ስለ ማማ አላጠናሁም፤ ስለ ልጅሽም አላጠናሁም» አሏት። አትጠገብ ግን የሰማችው የፈለገችውን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ላብራቶሪው ውስጥ መብራት ጠፋ። አይጦቹን ቱቦ ውስጥ አስገብተን ጨርሰናል፤ መሣሪያውን ግን ገና አላበራንም። ዶክተር በመስኮቱ ብርሃን አንዷን አይጥ ጎንበስ ብለው ያዩ ጀመር። ብዙ አዩ።

«ሰይድ፣ መሣሪያው ጠፍቷል አይደል?»

«ጠፍቷል።»

«ታዲያ ይህች አይጥ ለምን ትንቀጠቀጣለች? ለምንስ ሽንቷን ለቀቀች?»

«ቱቦው ጠብቧት ነዋ። ደግሞ ይሞቃል። ሁሌም እንዲህ ናቸው።»

«የማወዳደሪያዎቹስ? እነሱን ቱቦ ውስጥ እናስገባቸዋለን?»

«የለም፣ እነሱማ ቤታቸው ውስጥ ናቸው። እርስዎ ነዎት እንዲያ ያሉኝ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ፤ ቀስ ብለውም ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ልባቸው የደከመ መስሎኝ ውሃ ላመጣ ስሮጥ በእጃቸው ከለከሉኝ። «ፍርሃትም አጥሩን ያላላዋል» አሉ። «ሙቀትም ያላላዋል። ይህን ለተማሪ ሳስተምር ኖሬ፣ አንዱን ወገን አፍኜና አስፈራርቼ፣ ሌላውን ወገን ቤቱ ትቼ አወዳደርሁ። ሰማያዊውን ያመጣው ሞገዱ ይሁን ቱቦው በምን አውቃለሁ?»

እንደገና ሠራን። አሁን ሁሉም አይጥ ቱቦ ይገባል፤ ለግማሾቹ መሣሪያው ይበራል፣ ለግማሾቹ አይበራም። የትኛው የትኛው እንደሆነ እሳቸው እንዳያውቁ እኔ ብቻ ምልክት አደረግሁ፤ «ዓይኔ የሚወደውን እንዳያይ» አሉ። ሁለቱም ወገን ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ሰፊ፣ አየር የሚያስገባ ቱቦ አሠርተን፣ አይጦቹን በምግብ እያባበልን አለማምደን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሠራን። ሁለቱም ወገን ነጭ ሆነ። ምልክቱን ገልጬ ስነግራቸው በጣታቸው ጠረጴዛውን አንዴ ቆረቆሩና፣ «ይኸው መልሱ» አሉ። «ያየሁት ፍርሃት ነበር።»

የክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቢሮአቸው አስጠርተው በለሆሳስ አነጋገሯቸው፤ እኔ ማስረጃውን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። «ባንቻየሁ፣ ማን ጠየቀሽ? ሁለተኛውን አታውጪው፤ አለቀ። ወሬው በራሱ ጊዜ ይሞታል። የማዕከላችን ስም ገና መነሣቱ ነው።»

«ሐሰት ላይ የተነሣ ስም ምን ያደርግልናል?»

«ሐሰት አልተናገርሽም። ተሳሳትሽ።»

«እስከ ትናንት ስሕተት ነበር። ዛሬ ካወቅሁ በኋላ ዝም ካልሁ ግን ሐሰት ነው።»

«ቢያንስ ትንሽ ጊዜ ይለፍ» አሉ ኃላፊው።

ጊዜ የሚባል አልነበረም። በዚያው ሰሞን ፍል ውሃ ካለበት ከወንዛዬ ወሬ መጣ። አትጠገብ እንዲህ አስባ ኖሯል፤ በሽታው ከማማው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከማማው መራቅ ነው። ክኒኑን አቋርጣ፣ ብርቱካንን ይዛ ወንዛዬ እኅቷ ዘንድ ሄደች። ፍል ውሃው ልጅቱን ያጠነክራታል ብላ ልታስታጥባት ወሰደቻት። ብርቱካን ውሃው ውስጥ ሳለች በሽታው ጣላት። ፊቷ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ፣ አጠገቧ የሚታጠቡ ሴቶች ደርሰው ጎትተው አወጧት። ትንፋሿ ቆሞ ነበር ይባላል። አላህ አተረፋት።

ዶክተርና እኔ ሆስፒታል ሄድን። ብርቱካን ተኝታለች። አትጠገብ ዶክተርን ስታይ ተነሥታ አቀፈቻቸው፤ «ያ ማማ ተከትሎን መጣ፣ ዶክተርዬ» እያለች አለቀሰች። የዶክተር ፊት እንደዚያን ቀን ጠቁሮ አላየሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ክኒኑን ዛሬውኑ ትጀምር፣ አትጠገብ። ሐኪሙ እንዳለሽ። አንድም ቀን እንዳታቋርጪ። እኔ የማውቀው ይህን ነው» አሏት። ከሆስፒታሉ ወጥተን ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ስንሄድ መጨረሻ ላይ ቆመው፣ «እሑድ ሰፈሩን ሰብስብልኝ» አሉኝ።

ኃላፊው እንዳይናገሩ ደውለው ለመኑ። ሌሎች ባልደረቦችም ለመኑ። ወይ ፍንክች!

እሑድ የእድሩ ግቢ ሞልቶ ነበር። ሰው የመጣው ስለ ማማው መነሣት ሊሰማ ነው፤ ፊቱ ሁሉ በርቷል። ዶክተር ነጠላቸውን አጣፍተው መሐል ቆሙ። መቀመጫ ቢያቀርቡላቸው እምቢ አሉ።

«ስልክ የአንጎልን አጥር ያላላል የሚል ነገር ከኔ ሥራ ወጥቶ ሰምታችኋል» አሉ። «ያ ሥራ ስሕተት ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ረዳቴም አይደለም፣ ሬዲዮውም አይደለም። አይጦቹን ያስጨነቅኋቸው በጠባብ ቱቦ ነው። ያየሁት የጭንቀትን ምልክት ነው። አስተካክዬ ስሠራው የነበረው ነገር ጠፋ።»

ምድር ቀውጢ ሆነች። «ተገዙ!» አለ አንዱ። «ምን አጉርሰዋቸው ነው?» አለ ሌላው። ስድብ ዘነበ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር ትንፋሻቸው ሲያጥርባቸው ይሰማኝ ነበር፤ እጃቸውን ልይዝ ስል አራገፉኝ። «ስሙኝ!» አሉ። «ማማው ይጎዳችኋልም አላልሁ፤ አይጎዳችሁምም አላልሁ። የማላውቀውን አላውቅም ነው ያልሁ። የማውቀውን ደግሞ በዱላም አልተውም።»

ያኔ አትጠገብ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች።

«ልጄን ልትገድይብኝ ነበር» አለች።

እርስዎ ማለቱን ትታው ነበር። ይህች ቃል ከስድቡ ሁሉ ይልቅ እኔን አመመችኝ። ዶክተር አላስተባበሉም። ማማ አላልሁም፣ ክኒን አቁሚ አላልሁም፣ አልሰማሽኝም ማለት ይችሉ ነበር፤ እውነትም ነበር። እሳቸው ግን አትጠገብን ፊት ለፊት እያዩ፣ «አዎን» አሉ። «ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ አፌን ከፈትሁ። ልጅሽ ሞታ ቢሆን ኖሮ ዕዳዋ በኔ ላይ ነበር። አሁንም እዚሁ ሰፈር ነኝ፤ አልሸሽም።»

አትጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች። ሰው ተከትሏት ወጣ። ግቢው ውስጥ ባዶ ወንበርና እኛ ቀረን።

ከዚያ በኋላ ዘንዘልማ ፊት ነሣቻቸው። ሰላምታ የሚሰጣቸው ጠፋ። ደጃፋቸው ላይ ቆሻሻ የደፋም ነበር። ዘመዶቻቸው ቤቱን አከራይተው ከተማ እንዲገቡ መከሯቸው፤ «እዚሁ ነኝ ብያለሁ» አሉ። ጠዋት ጠዋት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ዝም ያላቸውን ሰው ሁሉ ስሙን እየጠሩ «እንደምን አደርህ፣ እንደምን አደርሽ» እያሉ ያልፉ ነበር። መልስ አልጠበቁም። አንድ ሰው መለሰ፤ ሌላ ሰው መለሰ።

በዚህ መሐል ማማውን ካስተከለው ድርጅት አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ላብራቶሪያችን መጣ። አንደበቱ ማር ነው። ዶክተር ጀግና መሆናቸውን፣ እውነትን መናገራቸውን ተናገረ። ከዚያ ካሜራ ፊት ሆነው «ማማው ምንም ጉዳት የለውም» እንዲሉለት ጠየቀ።

«እንዲያ አላልሁም» አሉት።

«ውጤትዎ እኮ ጉዳት የለም ነው የሚለው።»

«ውጤቴ የሚለው፣ በነዚህ አይጦች፣ በዚህ መሣሪያ፣ በዚህ ያህል ጊዜ፣ ይህን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁት ነው። በሬን ሜዳ ላይ ፈልጌ አጣሁት ማለትና በሬ የሚባል ነገር የለም ማለት አንድ ነው እንዴ?»

ሰውየው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ስለ ጉዳት ከፈለግህ ግን፣ ማማህ ሥር ያለው ጄኔሬተር አለልህ» አሉት። «ጭሱ የሚተፋው ወደ አንዲት ሴት መኝታ ቤት ነው። እሱን ካሜራ ፊት ልናገርልህ?» ሰውየው ሰዓቱን አየና ተሰናበተ።

እውነትም ጄኔሬተሩ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር እየጮኸ ጥቁር ጭሱን ወደ አትጠገብ ግቢ ይለቅቃል። ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ማማው ጫፍ አንጋጥጦ፣ አፍንጫው ሥር ያለውን ረስቶት ኖሯል። ዶክተር አንድ ቀን ከአባቴ ሱቅ ነጭ አቡጀዲ እንዳመጣ አዘዙኝና፣ አትጠገብ በር ላይ ቆመው አንኳኩ። እኔ ከኋላ ነበርሁ። በሩ ተከፈተ፤ አትጠገብ በሩን ይዛ ቆመች፤ ግቡም አላለች፣ ሂዱም አላለች።

«ብርቱካን እንዴት ናት?» አሉ ዶክተር።

«ክኒኑን ይዛለች። ከዚያ ወዲህ አልጣላትም።»

«ተመስገን። ይህን ጨርቅ አጥርሽ ላይ እንድሰቅል ፍቀጂልኝ። ሌላውን ደግሞ እኔ ቤት እሰቅላለሁ። ጭሱ ምን እንደሚያደርግ ጨርቁ ይንገረን። ባይጠቁርም ግድ የለም፤ ያኔም አፌን ሞልቼ አልጠቆረም እላለሁ።»

አትጠገብ ጨርቁን ብዙ አየችው። «ጨርቁ ቢጠቁር የማገዶሽ ጭስ ነው ቢሉኝስ?» አለች። ዶክተር መነጽራቸውን ወደ ፀጉራቸው ገፉ። «ምን ይሻላል ትያለሽ?» አሏት። «አንዱን ማድ ቤቴ ደጅ ስቀይው» አለች አትጠገብ። እናም ሦስተኛ ጨርቅ ቆረጥን።

ጨርቆቹ ተሰቅለው ሰነበቱ። ብርቱካን ራሷ ትጠብቃቸው ነበር፤ ዶሮ እንዳይነካቸው፣ ልጆች እንዳይጫወቱባቸው። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ይሳለቅ ነበር፤ ኋላ እያለፈ ማየት ጀመረ፤ አጥሩ ላይ ያለው ሲጠቁር፣ ሲጠቁር፣ እንደ ምጣድ ቂጥ ሲሆን፣ መሳለቁ ቀረ። ማድ ቤቱ ደጅ ያለው አመድማ ሆነ። ዶክተር ቤት ያለው አቧራ ብቻ ነበር።

ሦስቱን ጨርቅ ይዘን ለዚህ ጉዳይ ሥልጣን ወዳለው ቢሮ ሄድን፤ ዶክተር፣ አትጠገብ፣ ከሰፈሩ ጥቂት ሽማግሌዎችና እኔ። ቢሮው ፎቅ ላይ ነበር። ዶክተር በየደረጃው እየቆሙ ወጡ። ባለሥልጣኑ የለመደው ፊርማ ያለበት አቤቱታ ነው፤ አትጠገብ ጥቁሩን አቡጀዲ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ዶክተር እንዴት እንደተሰቀሉ፣ የት የት እንደተሰቀሉ በአጭሩ አስረዱ።

ሰውየው ጨርቁን አየ፤ አትጠገብን አየ። ስለ እሷ ሰምቶ ኖሯል። «ልጅሽን ያመማት ማማው ነው የምትይኝ?» አላት።

አዎ ብትል የሚያዝንላት ብዙ ነበር። ሽማግሌዎቹ አዎ እንድትል በዓይናቸው ይገፏት ነበር። ስንት ዓመት በልቧ ይዛው የኖረችው ቃል እሱ ነበር። ወደ ዶክተር ዞር አለች፤ ዶክተር ግን በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ያዩ ነበር፤ ምንም ምልክት አልሰጧትም።

«አላውቅም» አለች አትጠገብ። «ሐኪምም እስካሁን ከምን እንደመጣባት አልነገረኝም። ይህ ጭስ ግን ይኸው ፊትህ ነው ያለው። ይህን አላየሁም አትበለኝ።»

ጄኔሬተሩ ክረምት ሳይገባ ከአጥሩ ሥር ተነሣ። ማማው እስከ ዛሬ አለ፤ ዶክተር ስለ እሱ ምን እንደሚያስቡ ሲጠየቁ እስከ መጨረሻው መልሳቸው ያችው «አላውቅም» ነበረች። ሁለተኛውን ውጤታቸውን የሚያትምላቸው አጥተው፣ ከመጀመሪያው ጎን ለጎን አድርገው የማዕከላችን ኮሪደር ላይ ለጠፉት፤ «ያሳፍራል፣ አንሱት» ቢባሉ «ሁለቱም የኔ ናቸው» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

ከዚያ ቢሮ ስንወጣ ግን፣ ደረጃው ራስ ላይ ዶክተር ቆሙ። ደክሟቸዋል። እኔ ክንዴን ብዘረጋ እንደማይዙት ስለማውቅ አልዘረጋሁም። አትጠገብ አንድ ደረጃ ወርዳ ከፊታቸው ቆመች፤ ትከሻዋን ሰጠቻቸው።

«ይያዙኝ፣ ዶክተር» አለች። «ቀስ ብለን እንወርዳለን።»

ያዟት።